ፊት ያለው እንስራ

ፊቱን ያወጣው ዶማ ነው። ጥር ላይ የቀበሌው ሰው ሁሉ ለእርከን ሥራ ወጥቶ ነበር። ከገብሱ ማሳ በላይ ባለው ተረተር ላይ የአረማውያን መቃብር ነው እየተባለ ማንም የማይነካው የድንጋይ ክምር አለ። የዚያን ዓመት እርከኑ በክምሩ ጥግ እንዲያልፍ ተወሰነ። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ። እኔ ሞላሌ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና የመጀመሪያው ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ስለነበር እናቴን ልጠይቅ በእግሬ መጥቼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ አቀብል ነበር።

አንዱ ጎረምሳ ዶማውን ሲያሳርፍ የወጣው ድምፅ የድንጋይ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ጠረገና ወዲያው ወደኋላ ዘለለ።

"ሰው ነው! ኧረ ሰው ነው!"

ሥራው ቆመ። ሁላችንም ጉድጓዱን ከበብነው። ሰው አልነበረም፤ የእንስራ አንገት ነው። አንገቱ ላይ ግን ፊት ነበረው። ሁለት ዓይኖች፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ከፈት ያለ አፍ፣ ለጉትቻ የተበሱ ጆሮዎች። ጸጉሩ ሹሩባ ተሠርቷል። የእንስራው ሆድ ግማሹ ተሰብሮ አፈር ሞልቶታል፤ ፊቱ ግን ትናንት ከእሳት የወጣ ይመስል ነበር።

በቀበሌው ቃላቸው የሚደመጥ፣ የእርከን ሥራውንም የሚመሩ አንድ ባለጠጋ ገበሬ ነበሩ። አንቱ እላቸዋለሁ፤ አንቱታው የእኔ ጨዋነት ነው እንጂ የሳቸው ዋጋ አይደለም። እሳቸው ወደ ጉድጓዱ አየት አደረጉና አማተቡ።

"ጣዖት ነው። ማንም እንዳይነካው!" አሉ። ቀጥለው ዓይናቸውን በሕዝቡ ላይ አዟዟሩና እናቴ ላይ አሳረፉት። "ይሄ የናንተ ነው። የጠይብ አያቶችሽ ሠርተው የቀበሩት ነው። ጥንትም ይሄን ነበር የሚያመልኩት።"

ጠይብ በእኛ አገር ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ የሚሰደብበት ቃል ነው። አባቴ እስኪሞት ማረሻ ሲቀጠቅጥ ኖረ፤ እናቴ እስከ ዛሬ ሸክላ ትሠራለች። እንጾማለን፣ እንቆርባለን፣ ልጆቻችንን እናስጠምቃለን። ቢሆንም ልጅ ሲያመው ቡዳ በላው ተብሎ የሚታየው ወደኛ ደጅ ነው። በዚያ ቀበሌ ከእናቴ እንስራ ውሃ የማይጠጣ ቤት አልነበረም። ከእናቴ ቤት ግን ውሃ የሚጠጣ ሰው አልነበረም።

እናቴ የያዘችውን ድንጋይ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"የኛ ነው ነው የሚሉኝ?"

"አዎን፣ የናንተ ነው!"

"የኛ ከሆነማ ስጡና!"

ሰውየው ያልሰሙ መስለው፣ "ምን አልሽ?" አሉ።

"የአያቶቼ ሥራ ከሆነ ርስቴ ነው። እዚህ አገር ሰው ርስቱን ይነጠቃል እንዴ? ስጡኝ።"

"እንሰብረዋለን እንጂ ምን ሲባል ለአንቺ ይሰጣል!"

"ይበሉ ይስበሩት። ማን ነው የሚሰብረው? ይምጣ፣ ይንካው።"

ዶማ የያዘ ወንድ ሁሉ ዶማውን እያየ ቆመ። አንድም እግር አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ትንሽ ጠበቀች፤ እውነትም ዕድል ሰጠቻቸው። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ በጥፍሯ ዙሪያውን መጫር ጀመረች። እኔም ወርጄ ከጎኗ ተንበረከክሁ። የተሰበረውን ሆድ ገሉን አንድ በአንድ እየለቀምን ነጠላዬ ላይ ከመርነው። ፊቱን ግን እናቴ በባናዋ፣ በሱፍ ልብሷ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ፣ እንደ ልጅ አዘለችው። ሕዝቡ ገለል ብሎ መንገድ ሰጠን። ለእናቴ እንዲያ መንገድ ሲለቀቅላት አይቼ አላውቅም። ከፍርሃት ነው፤ ይሁን፣ ከፍርሃትም ቢሆን ጥሩ ነው ብዬ ራሴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ቤት ገብተን መደቡ ላይ አስቀመጠችው። አቧራውን በዶሮ ላባ አራገፈችለት። ከዚያ እጇን በአንገቱ ውስጥ አስገብታ ከኋላ በኩል አፉንና ጉንጩን ትዳብስ ጀመር።

"እዚህ ጋ በጣቷ ወደ ውጭ ገፍታዋለች" አለች። "ዓይኑን በስንደዶ ነው የቆረጠችው።"

"ሠሪዋ ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?"

"የጣቷ ፈለግ ውስጥ የኔ ጣት ልክ ይገባል።"

የሷ ጣት ቀጭንና ረጅም ነው። ማስረጃው ለእኔ ብዙም አላሳመነኝም፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሠሪዋ ስታወራ "እሷ" ከማለት ወደኋላ ብላ አታውቅም።

ኮሌጅ ሳለሁ በመማሪያ መጽሐፍ ያየሁት ሥዕል ትዝ አለኝና ነገርኳት። ከባሕር ማዶ በጥንት ዘመን በሸክላ ዕቃዎቻቸው ላይ አማልክቶቻቸውንና ሰዎችን አብረው ይሥሉ የነበሩ ሕዝቦች ነበሩ አልኳት።

"አማልክቱ ምን ሲያደርጉ ነው የሚሣሉት?"

"ይጠጣሉ። ይጣላሉ። ይዋጋሉ። የሰው ሚስት ይነጥቃሉ።"

"ሰዎቹስ?"

"እነሱም ይጠጣሉ፣ ይዋጋሉ። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ።"

"ታዲያ በምን ይለያሉ?"

አሰብኩ። "ጎናቸው ላይ ስማቸው ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ አይለዩም" አልኳት።

እናቴ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ወደ ፊቱ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየችው። "ይሄ ግን ሰው ነው" አለች። "አምላክ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይደክመውም ነበር።"

እውነቷን ነው። ደክሞታል። ከፈት ያለው አፉ የጸሎት አፍ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ከነገረችኝ በኋላ ግን ዳገት ወጥቶ ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው ሆኖ ይታየኝ ጀመር።

ያን ዓመት በልጉ ቀረ። ደመናው በጓሳ ተራራ በኩል ይመጣና ተበትኖ ይጠፋል። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ የተዘራው ገብስ ሳይበቅል አፈር ውስጥ ተበላሸ። ምክንያቱን ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። ጣዖቱ ከተቀበረበት ወጥቶ ጠይቦቹ ቤት ተቀምጧል፤ ሰማዩ ለምን ይዘንባል? እናቴ ያወጣቻቸውን ምጣዶችና ማሰሮዎች ገበያ ወስዳ እንደ ወሰደቻቸው ትመልሳቸው ጀመር። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እሷ ቀድታ እስክትሄድ ራቅ ብለው ይቆማሉ። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ትቀዳለች። እንስራዋን ታጥባለች፣ ደግማ ታጥባለች፣ እግሯንም ትታጠባለች። "ከቆሙ አይቀር ይቁሙ" ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ የነፍስ አባታችን መጡ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። መደቡ ላይ አረፍ አሉና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ፊቱን አዩት።

"ልጄ፣ ስበሪውና ሰላም ይሁን" አሏት።

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ አልሰብረውም።"

"የተቀረጸ ምስል አታምልክ ይላል ቃሉ።"

"መች አመለክሁት? አቧራውን ነው የማራግፍለት።"

"አውቃለሁ። ሕዝቡ ግን እንደዚያ አይልም።"

እናቴ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። "አባቴ፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥላሴ በሦስት ሽማግሌ አምሳል ተሥለው የለም? ሠዓሊው የት አይቷቸው ነው? ወይ የአባቱን ፊት ነው የሣለው፣ ወይ የአጎቱን። እሱ አምላክን በሽማግሌ ፊት ሲሥል ኃጢአት ካልሆነበት፣ ሰውን በሰው ፊት የሠራች ምን አጠፋች?"

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። ሳቃቸውን እየዋጡ ይሁን ቁጣቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ያ ሥዕል የተባረከ ነው" አሉ።

"እንግዲያው ይሄንንም ይባርኩልኝ።"

እኔ የምለውን አንድ ቀን አስቤ፣ አንድ ቀን ጽፌ፣ በሦስተኛው ቀን ነው የምናገረው፤ እናቴ ግን ነገሯን እንደ ጭቃው እዚያው እጇ ላይ ነው የምታበጀው። ቄሱ ፊቱን ደግመው አዩት። ከዚያ ከካባቸው ሥር በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ጸበል አወጡ።

"እረጨዋለሁ" አሉ። "ጋኔን ካለበት ይጮኻል። ከሌለበት ሸክላ ነው።"

በስመ አብ ብለው ጀመሩ። ጸለዩ። ጸበሉን መዳፋቸው ላይ ቀድተው ፊቱ ላይ ረጩት። ሦስታችንም ጆሯችንን አቀናን። ጠብታዎቹ በጉንጩ ላይ ለአፍታ አብረቀረቁ፣ ጠቆር ያለ ነጥብ ሆኑ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ሰረጉ። ቄሱ ጠጋ ብለው አዩ። ደግመው ረጩ። አሁንም ሰረገ።

"ጠጣው" አሉ በቀስታ።

"ስንት ዘመን የጠማው ነው፣ ምን ያድርግ" አለች እናቴ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ተናገሩ። ስብከት አላደረጉትም። "በዚያ ሸክላ ላይ ጸበል ረጭቼበታለሁ። አልጮኸም። ጠጣው። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም" አሉና ገቡ። ግማሹ ሰው አመነ፣ ግማሹ ቄሱም አርጅተዋል አለ። ባለጠጋው ገበሬ ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ ብቻቸውን ነበሩ፤ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ጭቃ አቦካች።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"እንስራ። ፊት ያለው።"

"የማን ፊት?"

"የማንም። የሰው።"

ይህን ትበል እንጂ እጇ ሌላ ያውቅ ነበር። አፍንጫውን ስታወጣ፣ ከንፈሩን ስታሳሳ፣ ግንባሩን ሰፋ ስታደርግ ማን እየመጣ እንደሆነ አየሁ። አያቴ ናት፤ እሷም ሸክላ ሠሪ የነበረች፣ ጎረቤት ልጅ በሞተበት ቀን ከቤቷ እንዳትወጣ በር የተዘጋባት። በኩበት ስትተኩሰው በጭሱ ዓይናችን ተቃጠለ። ከአመዱ ሲወጣ ጉንጩ ላይ እሳቱ የተወው ትንሽ ጥቁር ምልክት ነበረበት፣ ሌላ እንከን አልነበረውም።

የሞላሌ የገበያ ቀን ደረሰ። እናቴ ከተማው መግቢያ ላይ ቆም አለችና፣ "አንቺ በዚህ በኩል ወደ ቤትሽ እለፊ። ሥራ አለሽ" አለችኝ። የምትለው ገብቶኛል። ሞላሌ ውስጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም አስተማሪዋ ነኝ።

"አልሄድም" አልኳት።

"ስም ያወጡልሻል።"

"ያውጡልኝ።"

ከጎኗ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። እንስራው ከፊታችን ቆመ። ሰው መጣ። አንዷ የልጇን ዓይን በእጇ ሸፈነች። አንድ ጨው ሻጭ፣ "ኧረ ሰላም ሊለን ነው!" ብሎ አሳቀ። አንዲት ከሩቅ የመጡ አሮጊት ጎንበስ አሉና አፍንጫውን በአንድ ጣታቸው ነክተው፣ "እኅቴን ትመስላለች" አሉ። ተማሪዎቼም አዩኝ፤ አንዳንዶቹ ሰላም አሉኝ፣ አንዳንዶቹ ተጠቋቆሙ። የሒሳብ አስተማሪው ከሩቅ እጁን ሊያነሣልኝ ጀምሮ ግማሽ ላይ መለሰው። እኔ የራሴን እስከ ላይ አነሣሁለት።

ባለጠጋው ገበሬ ሲመጡ አላየናቸውም። ድምፃቸውን ነው የሰማነው። "ቤት መደበቁ አልበቃ ብሎ በአደባባይ!" ዱላቸው አንዴ ወረደ። እንስራው ደረቅ ቅል ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አሰምቶ ፈረሰ።

እንደምትጮኽ ጠብቄ ነበር። ሰዉም እንደዚያው። እናቴ ግን ገሎቹን አገላበጠች። ፊቱ ያለበት ትልቁ ገል ሳይሰነጠቅ ተርፎ ነበር። አነሣችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ሁለት ማሰሮ ከኋላው ደግፋ ወደ ገበያው አዙራ አቆመችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ገበያው እስኪፈታ ከዚያ አልተነሣንም። ፊቱ የሚያልፈውን ሁሉ ያይ ነበር፤ የሚያልፈውም ሁሉ ያየው ነበር።

ሰኞ ክፍል ስገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ "ቡዳ" ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ድምፅ አጥፍተው ይጠባበቃሉ። ጠመኔ አነሣሁና ቃሉን ሳልነካ ከሥሩ የዕለቱን ትምህርት ርእስ ጻፍኩ።

"ማን እንደጻፈው አልጠይቅም" አልኳቸው። "የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ማወቅ ለሚፈልግ ግን ልንገራችሁ፦ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ አያቴም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ዛሬ የምንማረው ስለ ጥንት ሕዝቦች አኗኗር ነው። አብዛኛውን ያወቅነው እነሱ ከሠሩት ሸክላ ነው። መጽሐፋችሁን ክፈቱ።"

ቃሉ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ከላዬ እንዳለ አስተማርኩ። ሲደወል አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሥታ መጥታ ሰሌዳውን አጸዳች። እኔ አላዘዝኳትም።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀመጡ፤ የነፍስ አባታችንም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። የሰው ንብረት በአደባባይ መስበር ጥፋት መሆኑን ማንም አልካደም። ካሳ ይክፈሉ ተባለ። ባለጠጋው ገበሬ ወዲያው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ነገሩ በዚህ ማለቁ ደስ ያላቸው ይመስል ነበር።

"ካሳ አልፈልግም" አለች እናቴ። "አፈሬን ነው የምፈልገው።"

"የምን አፈር?" አሏት አንዱ ሽማግሌ።

"የሰበሩት እኮ አፈር ነበር። አፈሬን ይመልሱልኝ። እኛ ከምንቆፍርበት ጉድጓድ ገብተው፣ በእጃቸው ቆፍረው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ደጄ ያድርሱልኝ።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሰውየው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "እኔ? ከጠይብ ጉድጓድ?"

ነገሩ ሊበላሽ ነው ብዬ ተነሣሁ። "አንድ ነገር ልናገር" አልኩ። ፈቀዱልኝ። "እኛን አፈር ስለነካን ነው የምትጠሉን። እንግዲያው ነክተው ይዩት። የሚያረክስ ከሆነ አብረን እንረክሳለን፤ ካላረከሰ ደግሞ ይንገሩን።"

የነፍስ አባታችን መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንኳኩ።

"አዳም ከየትኛው ጉድጓድ እንደተቆፈረ ብናውቅ ኖሮ፣ ያንንም ጉድጓድ አንገባም እንል ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሩ። "ይገባሉ።"

በሽማግሌ ቃል እምቢ ማለት በእኛ አገር ብቻ መቅረት ነው። በማግስቱ ጠዋት መጡ። የሸክላው አፈር ያለበት ጉድጓድ አፉ ጠባብ ነው፤ ማንም ቢሆን ጎንበስ ሳይል አይገባበትም። በርኖሳቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ገቡ። እናቴ ከላይ ቆማ፣ "ላዩን ቀዩን ይተዉት፤ ከሥር ያለውን ጥቁሩን" ትላቸዋለች። ከውስጥ የሚሰማው ዶማውና ትንፋሻቸው ብቻ ነው። ሲወጡ ጉልበታቸው፣ ክንዳቸው፣ ጢማቸው ሳይቀር ጭቃ ነበር። ጆንያውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሰው በየደጁ ቆሞ እያያቸው፣ ደጃችን አደረሱት።

"ይኸው" አሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች እናቴ።

እርቅ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ካለ አልሆነም። ይርከሱ አይርከሱ የነገሩን ነገር የለም። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ዱላቸውን ግን በማንም ሸክላ ላይ ደግመው አላነሡም። ክረምቱም ገባ፤ ዝናቡ እንደ ወትሮው ዘነበ፣ ገብሱ እንደ ወትሮው አፈራ። ለዚያ ፊቱን ያመሰገነ ሰው አልነበረም።

ከወረዳው የባህል ባለሙያዎች መጥተው የጥንቱን ሸክላ መዝግበው ፎቶ አነሡት፤ ማስቀመጫ ቤት እስኪሠራ ድረስ እናቴ ዘንድ እንዲቆይ ተስማሙ። እኔን ደግሞ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠርቶ፣ ለራስሽ ሰላም ብለሽ ወደ ሌላ ወረዳ ዝውውር ብትጠይቂ እደግፍሻለሁ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከልቡ ነበር።

"የሚረበሽ ሰው ካለ እሱ ዝውውር ይጠይቅ" አልኩት። "እኔ አገሬ ነው።"

አሁንም ሞላሌ አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ አልፎ አልፎ ይጻፋል፣ እኔም ከሥሩ እጽፋለሁ። የገበያ ቀን ከእናቴ ጎን እቀመጣለሁ። ፊት ያላቸው እንስራዎች አሁን ብዙ ናቸው፤ ሌሎቹም ሸክላ ሠሪዎች ጀምረዋል፤ አንዷ ጢም ያለው ትሠራለች፣ አንዷ የሚስቅ። የሚገዛ አለ፣ አማትቦ የሚያልፍም አለ። ድሮ ሸክላ ሠሪዎች የሚቀመጡት ከገበያው ግርጌ፣ ጎርፉ በሚወርድበት ነበር። እናቴ ባለፈው ዓመት ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ላይ ወጣችና በርበሬና ጨው ከሚሸጡት መሃል ዘረጋችው። ተነሺ ያላት እስካሁን የለም። ቢላትም አትነሣም።